ከበሩ ጀርባ በእርሳስ የተጻፈው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባቴ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በ76 ዓመታቸው ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የአጎቴ ልጅ በለቅሶ መካከል በአንድ ሌሊት ስለጻፈው አልወቅሰውም። ነገር ግን ወረቀቱ «በ1940 ዓ.ም. በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ተወለዱ፤ በ1957 ዓ.ም. በምድር ባቡር ተቀጥረው ለ38 ዓመታት በቅንነትና በታማኝነት አገልግለው በጡረታ ተገለሉ፤ ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ሲሆኑ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪና ታታሪ ነበሩ» ብሎ አለቀ። ከመቃብር ስንመለስ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ያነበበው የማንን ነው?» አለችኝ።

አባቴ ድሬዳዋ በሚገኘው የባቡር አተልዬ፣ ማለትም መጠገኛ ወርክሾፕ፣ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያ ነበሩ። ከሥራ ሰዓት ውጭ የቤታችንም የሠፈራችንም ጠጋኝ እሳቸው ነበሩ። የተኛንባቸውን አልጋዎች፣ የመስኮቱን ፍርግርግ፣ የውኃ ማጠራቀሚያውን ማማ የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። እናቴን ጉልበቷን ማመም ሲጀምራት ጎንበስ ብላ የምትጋግርበትን የምጣድ መቆሚያ አውጥተው፣ እሷን ጫማዋን አስወልቀው ቀጥ ብላ እንድትቆም አድርገው፣ ከወለሉ እስከ ክርኗ በሜትር ለኩና ከዚያ አንድ ስንዝር ቀንሰው የመቆሚያውን እግሮች አስረዝመው በየዷቸው፤ ከዚያ ወዲህ እናቴ የምትጋግረው ቆማ ነው። በዕቃ ቤታቸው በር ጀርባ ደግሞ የጠገኑትን ነገር ሁሉ ከነቀኑ በእርሳስ ይጽፉ ነበር።

ለሙት ዓመታቸው የሚነበበውን እኔ እንድጽፍ ቤተሰቡ ወስኗል። አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ቤቱ ለዕለቱ ቀለም እንዲቀባ ገንዘብ ልኳል፤ ጽሑፉም «ክብራቸውን የሚመጥን» እንዲሆንና ቁጣቸው እንዳይነሣ አሳስቦኛል። አባቴ መሣሪያቸውን ያለቦታው ሲያገኙት ቤት የሚያናውጡ ሰው ነበሩና። ወንድሜ ራሱ በተማሪነቱ የ17 ቁጥር መፍቻ ለጓደኛው አውሶ ሳይመለስ በመቅረቱ ከአንድ ወር በላይ አላነጋገሩትም። ከምን ልጀምር? ቁጣቸውንስ ልተወው?

ልጃቸው፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከምን ልጀምር ላሉት፣ ከቀለም ቀቢው ይጀምሩ። ይህን መልስ አንብበው ሳይጨርሱ ይደውሉለትና የዕቃ ቤቱን በር እንዳይነካ ይንገሩት። ይልቁንም በሩን ከማጠፊያው አስነቅለው መኝታ ቤትዎ ውስጥ ግድግዳ ላይ ቢያስደግፉት ይሻላል፤ ቀለም ቀቢ የተነገረውን በር ረስቶ ያልተነገረውን ሲያስታውስ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዚያ በጠዋት፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። የእርሳስ ጽሑፍ ከፊት ለፊት መብራት ሲበራበት አብረቅርቆ ይጠፋል፤ ከጎን ሲበራበት ግን እርሳሱ ዕንጨቱን የተጫነበት ሳይቀር ይታያል። ፎቶውን ካነሡ በኋላ እያንዳንዱን መስመር፣ ስሕተቱንም አሕጽሮቱንም ሳያርሙ፣ በደብተር ይገልብጡት።

ስለ በሩ ይህን ያህል የምጨነቀው አባትዎ ስለ ራሳቸው በእጃቸው የጻፉት እሱ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ነው። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ማስታወሻ ደብተር አይዝም፤ ስለ ራሱም አያወራም። ለልጆቹ የሚተወው ወረቀት የጡረታ ደብተሩ፣ የቤት ካርታውና የእድር ካርዱ ነው። የእርስዎ አባት ግን በር ሙሉ ጽፈው ሄደዋል። «ቬንትሌተር፣ ቡሽ ተቀየረ» የሚል መስመር ቢያገኙ የማን ቬንትሌተር እንደነበረ እናትዎን ይጠይቁ። የጎረቤት ከሆነ ጎረቤትየዋን ይጠይቁ። ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ በሚያዝያ ቬንትሌተሩ የተበላሸበት ቤት ያን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈ፣ በማግሥቱ ማን መጥቶ እንዳስነሣው የሚረሳ ሰው የለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የአጎትዎን ልጅ አለመውቀስዎ ተገቢ ነው፤ እኔም በዚህ ኃጢአት አለሁበት። ጽሕፈት ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ ብቻ በዘመድና በጎረቤት ለቅሶ ብዙ የሕይወት ታሪክ ጽፌአለሁ። አንድ ቀን የሁለት ሟቾችን ረቂቅ ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ስም፣ የትውልድ ቦታና ዓመተ ምሕረት ብቻ ቀያይሬ ኖሮ አንዱን በሌላው ቀብር ላይ ባነበው ማንም አይነቃብኝም ነበር። አንዱ ነጋዴ፣ ሌላው መምህር ነበሩ። ሁለቱም «ደግ፣ ሩኅሩኅና ሰው አክባሪ» ናቸው።

እንዲህ የሆነው ቅርጹ የተቀዳው ከመሥሪያ ቤት ማኅደር ስለሆነ ይመስለኛል። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ተቀጠሩ፣ አደጉ፣ ተሸለሙ፣ ጡረታ ወጡ፦ ይህ ቅደም ተከተል ለጄኔራልና ለዳኛ ይበቃል፤ የሕይወታቸው ደረጃ በማዕረግ የሚቆጠር ነውና። የብረት ሰው ሕይወት ግን በዚህ ቅርጽ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ነገር በወንፊቱ ቀዳዳ ይወርድና «በታማኝነት አገልግለዋል» የምትለዋ ገለባ ከላይ ትቀራለች። በዚህ ላይ የቆየ ነውራችን አለ። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም በለቅሶ ቤት «ብረት ሠሪ ነበሩ» ከማለት «የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ» ማለት አሁንም ይቀናናል። የአጎትዎ ልጅ ቶርኖ የሚለውን ቃል ያልጻፈው ጠፍቶት አይመስለኝም፤ ለቀብር የማይመጥን መስሎት ነው።

ወረቀት ከመምጣቱ በፊት የነበረው ልማዳችን ከዚህ የተሻለ ነበር። አልቃሽ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ከቤተ ዘመዱ ትጠይቃለች፤ ምን ይሠራ ነበር፣ የት ዘመተ፣ የፈረሱ ስም ማን ነበር፣ በሬው ምን ዓይነት ነበር እያለች ታጣራለች፤ የሰማችውን በግጥሟ ስታስገባ ሰው የሚያነባው ያን ፈረስና ያን በሬ ስለሚያውቀው ነው። በገጠር ለቅሶ የሟቹ ጠብመንጃና ልብሱ ተይዞ ይለቀስበታል። እንግዲህ ለአባትዎ የሚያዘው ምንድን ነው ብለው ራስዎን ቢጠይቁ መልሱ ቅጽል አይሆንም፤ ሞርሳ፣ ሞረድ፣ የብየዳ መነጽር ይሆናል።

ስለዚህ ጽሑፉን በትውልድ ዓመታቸው አይጀምሩት። በደብዳቤዎ መካከል እንደ ዋዛ ጣል አድርገው ያለፉት ነገር አለ፤ እናትዎን ጫማቸውን አስወልቀው ያቆሟቸውና ከወለሉ እስከ ክርናቸው የለኩበት ቀን። ከእሱ ይጀምሩ። እሱን ያነበበ ሰው አባትዎ ሚስታቸውን እንዴት ይወዱ እንደነበር ሌላ ማስረጃ አይፈልግም፤ እርስዎም «ለትዳራቸው ታማኝ» የሚለውን መስመር መሰረዝ ይችላሉ። ለእናትዎ ግን ጥያቄዎች ይቀራሉ። መቆሚያው ተነቅሎ እስኪመለስ ስንት ቀን ፈጀ? በመሐል የት ጋገሩ? ስንዝሯ ለምን እንደተቀነሰች ያኔ ነገሯቸው ወይስ ሲጋግሩ ገባቸው? ጫማ ለምን አስወለቁ፣ ቤት ውስጥ በባዶ እግራቸው ነው የሚጋግሩት? ይህች የጫማ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ለእኔ ግን 38 ዓመት በቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ለልኬት ያለውን ጥንቃቄ ያሳየችኝ እሷ ናት።

ምጣዱንም ራሱን አይዝለሉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ከሸክላው በታች በተቦረቦረው መስመር የተዘረጋው ሽቦ ነው። ጠጋኙ ምጣዱን ገልብጦ ጀሶውን ይፍቃል፤ የተበጠሰበትን ያገኛል፤ አዲሱን ሽቦ ስቦ በመስመሩ ውስጥ ያስተኛዋል። በዚህ ላይ ነው ሙያው የሚለየው፤ ሽቦው አንድ ቦታ ጥቅጥቅ፣ ሌላ ቦታ ሳሳ ካለ እንጀራው በአንድ ወገን ያርና በሌላው ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ጀሶው ከደረቀ በኋላ ምጣዱ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን እስኪያወጣ ድረስም ጠጋኙም ጋጋሪዋም እኩል ይጨነቃሉ። አባትዎ በዚያች ሰዓት የት ይቆሙ እንደነበር፣ ምን ይሉ እንደነበር በቤቱ ያደጋችሁ አምስታችሁም ታውቃላችሁ። ለእያንዳንዳቸው ለብቻቸው ደውለው ይጠይቁ፤ በአንድ ስልክ አምስታችሁ ከተገናኛችሁ ታላቅ ወንድማችሁ ያለው ይጸድቅና ሌላው ዝም ይላል።

ስለ ሥራቸው ሲጽፉ የራሳቸውን ቃል ይጠብቁላቸው። አተልዬ ይሉ ከነበረ አተልዬ ይበሉ፤ «የጥገና ማዕከል» ብለው አያሳምሩት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ከተማዋን ወለዳት፤ አዲስ አበባ የገባው ከ14 ዓመት በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ለገሀር (ባቡር ጣቢያ) እና ሽመንደፈር (ምድር ባቡር) የሚሉት ቃላት ከፈረንሳዮቹ አፍ ወደ ሠራተኛው፣ ከሠራተኛው ወደ ሠፈሩ የገቡ ናቸው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የ1 ሜትር ስፋት ያለው ያ አሮጌ መሥመር ያረጁ ሎኮሞቲቮች ይመላለሱበት ስለነበር መለዋወጫው እንደ መኪና ዕቃ ከሱቅ የሚገዛ አልነበረም፤ አተልዬው ውስጥ በቶርኖ ተቀርጾ፣ በሞረድ ተስተካክሎ ይሠራ ነበር። አባትዎ በቤት ውስጥ «ይህ አይጠገንም» የሚል ቃል ከአፋቸው ካልወጣ ልማዱን ያገኙት ከዚያ ይመስለኛል። ዕቃ ሲሰበር ይሠራል እንጂ ይገዛል ብሎ የማያውቅ ቤት ነበርና።

ይህን የሚነግሩዎት የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ማኅደራቸው ውስጥ የሚያገኙት የደመወዝ እርከንና የዓመት ፈቃድ ብቻ ነው። ከአባትዎ ጋር የተቀጠሩት ዛሬ ሰማንያን እየነኩ ነው፤ ስለዚህ ሙት ዓመቱ እስኪቃረብ አይጠብቁ። ሲሄዱም «ስለ አባቴ ንገሩኝ» አይበሏቸው፤ «ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር» ብለው ቡና ያጠጡና ይሸኙዎታል። ስለ አንድ ነገር ይጠይቁ። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ሐዲዱ ሲቆረጥ አተልዬው ምን ይሠራ ነበር? አባቴ የትኛው ማሽን ላይ ነበሩ? ማን አስተማራቸው፣ እሳቸውስ ማንን አስተማሩ? እጃቸው ላይ ጠባሳ ከነበረ እንዴት እንደተጎዱ ይጠይቁ፤ ጠባሳ ባለበት ታሪክ አይጠፋም።

በሩን ሲያነቡ ደግሞ የነሐሴ 1998 ዓ.ም. መስመሮችን በተለይ ይፈልጉ። በዚያ ዓመት በሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች እንደሞቱና ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ እንደሆነ ከድሬዳዋ ልጅ የምሰውረው አይደለም። አባትዎ ያኔ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጊዜም እጅም ነበራቸው። ጎርፉ በገባባቸው ቤቶች የልብስ ስፌት መኪናው፣ ማቀዝቀዣው፣ ሬዲዮው ሁሉ ጭቃ ውጦ ነበር። የስፌት መኪና በሆዱ ደለል ከገባ በኋላ ከመጣል የሚያድነው ብሎን በብሎን ፈትቶ በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት አጠጥቶ መልሶ የሚገጥም ሰው ነው። በዚያ ወር በሩ ላይ ምንም ካልተጻፈ እጅግ ይገርመኛል። ከተጻፈ ደግሞ በዚያ መኪና ልብስ ሰፍታ ልጆቿን ያሳደገች ሴት በሠፈሩ ውስጥ ትኖር ይሆናል፤ ከእናትዎ ቀጥሎ ልትደመጥ የሚገባት እሷ ናት።

አሁን ወደ ቁጣው። ይጻፉት። በሙት ዓመቱ የሚሰበሰበው ሰው አባትዎን ያውቃቸዋል፤ ከመካከሉ ካቻቢቴ ተውሶ በሰዓቱ ባለመመለሱ የተቆጡት ቢያንስ አንድ ጎረቤት ይኖራል። «ተቆጥተው የማያውቁ» ብለው ሲያነቡ ያ ጎረቤት በልቡ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ምጣዱ የሚያነቡትንም በግማሽ ልብ ይሰማል። መፍቻዋ የጠፋችባቸው ሰው ልኬት የሚወዱ፣ መሣሪያ ያለቦታው መቀመጡ ጣት የሚያስቆርጥበት ቤት ያደጉ ሰው እንደነበሩ ከምጣዱ ታሪክ ጋር ሲነበብ አድማጩ ራሱ ያገናኘዋል፤ እርስዎ ማብራራት አይጠበቅብዎትም።

አንድ ገደብ ግን አለ። ያ ወር የታላቅ ወንድምዎ ነው። የ17 ቁጥሯን መፍቻ ታሪክ ከእሱ አፍ ካልሰሙ አይጻፉት። ይደውሉለትና ዝምታው እንዴት እንዳለቀ ይጠይቁት፤ መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው? ምን ብሎ? ምናልባት አባትዎ «ና እስቲ ይቺን ያዝልኝ» ብለው ይሆናል፤ ምናልባት እናትዎ በመካከል ገብተው ይሆናል። ከተረከልዎና ከፈቀደ የእሱን ቃል እንዳለ ያስገቡት። ካልፈቀደ ለማሳመን አይከራከሩ፤ ቁጣውን በሌላ ሰው ታሪክ ማሳየት ይቻላል። ከዚህ ውጭ የርስት ክርክር፣ የብድርና በሕይወት ያለን ሰው የሚያሳፍር ነገር የዚያ ቀን ጉዳይ አይደለም።

ርዝመቱ በእጅ ጽሑፍ ከሦስት ገጽ አይለፍ፤ ጸሎቱና ምሳው በሚጠብቁት ሰው ፊት የሚነበብ ነውና። የትውልድ ዓመቱ፣ የቅጥር ዘመኑና የልጆች ቁጥር በአንድ ዐረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ ይግባ። ሲጨርሱ ከማንም በፊት ለእናትዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ «ስንዝር አይደለም፣ አራት ጣት ነው የቀነሰው» ካሉ አራት ጣት ብለው ያርሙት።

ጥያቄ፦ አናጢ የነበሩት አጎቴ ከዐረፉ ስድስት ወር ሆናቸው። አክስቴ «የሟች ዕቃ ቤት ውስጥ አይቆይም» ብላ ከልብሳቸው ጋር መሣሪያቸውንም ለነዳያን ልትሰጥ ነው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሁሉንም በመስተዋት ሣጥን አድርጎ ሳሎን ውስጥ ማቆም ይፈልጋል። መሐል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አክስትዎ በልብሱ ልክ ናቸው፤ ልብስ ለነዳያን መስጠት ለነፍስም ለለባሹም የሚጠቅም ጥሩ ልማድ ነው። መሣሪያ ግን ልብስ አይደለም። መጋዝና መሮ ለማያውቅበት ሰው ቢሰጥ በሳምንቱ በብረት ዋጋ ተመዝኖ ይሸጣል። የአጎትዎ ልጅም ቢሆን ሣጥኑን ከማሠራቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ በቤቱ መጋዝ በእጁ የሚይዝ ሰው አለ ወይ? አጎትዎ ያሠለጠኑት ወይም አብሯቸው የሠራ ወጣት አናጢ ካለ መጋዞቹ፣ መሮዎቹ፣ መዶሻውና ጉጠቱ ለእሱ ይሰጡ፤ ሲሰጠውም አክስትዎ በእጃቸው ያስረክቡት። የተሰጠው ለሚሠራበት ሰው እስከሆነ ድረስ እሳቸውም ምጽዋት ነው ብለው ለመቀበል የሚከብዳቸው አይመስለኝም።

ለቤቱ አንዱን ብቻ ያስቀሩ፤ እኔ ብሆን መላጊያውን አስቀር ነበር። ምላጩን አውጥተው ዝገቱን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ከዚያ በቀጭን ዘይት አብሰው በደረቅ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ዕንጨቱን ግን በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ ቫርኒሽም አይቀቡት። ከኋላ በኩል የጠቆረውና ጎድጎድ ያለው ቦታ የአጎትዎ መዳፍ ያረፈበት ነው።